ከሠላሳኛው በኋላ

በጤና ጣቢያው እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የግል ማኅደሯ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ማሽኗ» ናት። ሐኪሞቹ «ማሽኗ ምን አለች?» ይላሉ፤ ካርድ ክፍሎቹ «ወደ ማሽኗ ሂዱ» ይላሉ። አዲስ በሽተኛ እውነት ማሽን መስሎት ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ ጋውኗ ክርኑ ላይ የተጣፈ አንዲት ቀጭን የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሲያገኝ ግራ ይገባዋል። እሷም ታውቃለች። «አይዞህ፣ ኮረንቲ አልይዝም» ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አክታ በማይክሮስኮፕ ስትመለከት ከኖረች ሴት ከዚህ የበለጠ ቀልድ መጠበቅም ግፍ ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ሳል የጸናበት ሰው ክዳን ባላት ትንሽ ኩባያ አክታውን ያመጣል። እሷ በስንጥር ጥቂት ታነሳና ስስ መስታወት ላይ ትቀባዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ቀይ ቀለም አፍስሳ በእሳት ታሞቀዋለች፣ አጥባ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ትደግምበታለች። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ካለ ቀዩን አልለቅም ብሎ በሰማያዊው መሃል እንደ ቀጭን ጭረት ይታያል። ማይክሮስኮፕ ግን መስታወቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያሳይም። የሚያሳየው አንዲት ክብ ቦታ ነው፤ መስክ ይሏታል። አንዱን መስክ አይቶ መስታወቱን ገፋ፣ ሌላውን አይቶ ገፋ። «ይህ ሰው ነጻ ነው» ብሎ ለመጻፍ መቶ መስክ መታየት አለበት። ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከመቆየቱ ብዛት ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት መቶውን ስታይ ኖረች። አንድ መስክ ባየች ቁጥር በግራ እጇ ቀጭ የምታደርጋት የብረት መቁጠሪያ ነበረቻት፤ መቶ ሳይሞላ ቀና አትልም። ከዚያ አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ ለትምህርት ሄደ፤ እንደሄደ ቀረ። ሰው ይተካል ተባለ፤ እስከ ዛሬም ይተካል እየተባለ ነው። ደሙም፣ ሽንቱም፣ ሰገራውም እሷ ላይ ወደቀ። በቀን ስምንት የነበረው የአክታ መስታወት ሃያ ገባ። ለአንዱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንገቷ ደርቆ አልዞር አላት፣ ዓይኗ ያነባ ጀመር፣ በሽተኛውም አግዳሚው ላይ እያሳለ ውሎ «ነገ ተመለስ» ይባላል።

ሰነፍ አልነበረችም፤ ይህ ይያዝላት። ሰነፍ ብትሆን እንደ ብዙው ሰው ዝም ብላ ታጭበረብር ነበር። እሷ ግን ጥናት አደረገች። ሰማያዊ ደብተር ገዝታ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጀርም ያለበት ሰው በተገኘ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ቀይ ጭረት በስንተኛው መስክ እንደታየ ጻፈች። በሦስተኛው። በመጀመሪያው። በአሥራ ሁለተኛው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሯት፤ ሁለት መቶ ሰባቱ ከሠላሳ መስክ ሳያልፉ ታይተዋል። ያለፉት አምስት ናቸው። አምስቱንም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አንዱ መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ነበር፤ እሱ አይቆጠርም። ሁለቱ አክታ ተብለው ምራቅ ነው ያመጡት፤ ጥፋቱ የእነሱ ነው። አንዱ የቀለም ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ለአምስተኛው ደግሞ፣ ያን ቀን ራሴን አሞኝ ነበር አለች። አምስቱም በየምክንያታቸው ተሸኙና ሠላሳ ይበቃል ተባለ።

ደብተሩን ግን አልጣለችውም። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ ጻፈች፤ ያገኘችውም አኮራት። ሁለት መቶ ሠላሳ ሰው፣ ሁሉም እስከ ሠላሳ። መቶ ዘጠና ስምንት ሰው፣ ሁሉም እስከ ሠላሳ። ያ አምስት እንኳ የት እንደገባ ጠፋ። «አላልኩም?» አለች ለራሷ። ምኑን አለች! ሠላሳኛው ላይ መስታወቱን የሚያነሳ ሰው በአርባኛው ጀርም ከየት አባቱ ያመጣል? ደብተሩ የሚናገረው ስለ በሽተኞቹ አልነበረም፤ ስለ ራሷ እጅ ነበር። ይህን ግን ሃያ ዓመት ልብ አላለችውም፤ ቆም ብሎ ልብ በይ የሚላትም አልነበረም።

እንዲያውም የሚያጸድቅላት አላጣችም። በየሦስት ወሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል። የታዩት መስታወቶች በእንጨት ሳጥን ተደርድረው ይቀመጡለታል፤ እሱ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶው አሥራ ሁለቱን እንደ ሎተሪ ያወጣና እንደገና ይመረምራል። ሾፌሩ ውጭ ጡሩንባ እየነፋ፣ ገና ሦስት ጤና ጣቢያ እየጠበቀው፣ እሱስ ስንት መስክ እንደሚያይ ማን ጠይቆት ያውቃል? «አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። ከደንቡ አጠገብ የምስጋና ወረቀት ተሰቀለ።

በዚህ ላይ ዘመኑ ተለወጠ። ደብተሩ በተጀመረ ጊዜ አክታ ይዞ የሚመጣው አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው ነበር፤ ወራት አስሎ፣ ደም ተፍቶ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ። የእንዲህ ያለ ሰው መስታወት በጀርም የተጨናነቀ ነው። በኋላ ግን ሬዲዮው «ሁለት ሳምንት ካሳላችሁ ተመርመሩ» እያለ ጧት ማታ ሲወተውት ሰው ቶሎ መምጣት ጀመረ፤ ሥራውን የሚሠራ፣ በእግሩ የሚሄድ፣ ጀርሙ ገና ያልበዛበት ሰው። እዚህ አንድ ጭረት ቢታይ ሌላው የሚገኘው ሃያ መስክ አልፎ ነው። የሚመጡት ሰዎች ሌሎች ሆኑ፤ የእሷ ሠላሳ ግን ያው ሠላሳ ሆኖ ቀረ።

ወንድሟ አናጺ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ አምስት፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር፤ አባትየው ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ይዞ ሄዷል። አጥባ፣ አብልታ፣ ጆሮውን ይዛ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ሳታገባ የቀረችው በእሱ ምክንያት ነው ይባላል፤ እሷ ግን «ማን ጠየቀኝና?» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። በልጅነቱ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር «ድንቡሼ» ትለው ነበር፤ አርባ አልፎት፣ ጢም አብቅሎ፣ ሚስት አግብቶና ልጅ ወልዶም ይኸው ስሙ አልተለወጠም። እሱ «እታለም» ይላታል። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከሚስቱና ከአምስት ዓመት ልጁ ጋር ይኖራል። ልጅቱ ከመላጊያው ሥር የሚወድቀውን ፍቅፋቂ እየለቀመች ጸጉሯ ላይ ትሰካለች፤ «ጸጉሬ ተጠቀለለ» ብላ መንደሩን ታዞራለች። አክስቷ ለማንም የማትስቀውን ሳቅ ለእሷ ትስቃለች።

እሱ ማሳል የጀመረ ጊዜ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። አንድ ጧት ኩባያውን ይዞ የላብራቶሪው መስኮት ላይ ብቅ አለ።

«እታለም፣ ማሽኑ ይሠራል?»

«ለአንተ ይበላሻል። ተራህን ያዝ።»

«እህት ተብለሽ ሞተሻል!»

«ከፊትህ ያሉት አሥራ አንዱም እህት አላቸው» አለችው፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁ፣ እሱም እየሳቀ ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። ለዘመድ ተራ አትሰጥም፤ የኃላፊውን እናት እንኳ አንድ ጊዜ ከወረፋው መልሳ ጉድ ተብሎላታል። የወንድሟን መስታወት ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። አንድ፣ ሁለት እያለች ሠላሳ ደረሰች፤ ሰማያዊ ብቻ ነው። እጇ ቆመ። ድንቡሼ ነው፣ ልቀጥልለት ይሆን? የሚል ሐሳብ መጣላት። ወዲያውም አፈረችበት። ለሰው ወንድም የበቃው ለእኔ ወንድም የማይበቃው ምን ስለሆነ ነው? አለችና መስታወቱን አንስታ ከዚያው ኩባያ የተቀባውን ሁለተኛ መስታወት ተካች። ያንንም እንዲሁ አየችው። «ነጻ» ብላ ጻፈች። በሕይወቷ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ በዚያች ደቂቃ ባሳየችው ፍትሐዊነት ኮርታለች፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

«ሰጋቱራው ነው» አለችው። «አፍህን በጨርቅ ሸፍነህ ሥራ ብዬህ አልነበር?»

ጨርቅ አሰረ። ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ጨረሰ። ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ከበሳ በኋላ፣ እንደገና መጣ፤ እንደገና ሁለት መስታወት፣ ለየአንዳንዱ ሠላሳ መስክ፣ እንደገና «ነጻ»። ያን ጊዜ ሚስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ለማንኛውም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልውሰደው ይሆን?» አለቻት።

«ለምን? እኔ እዚህ የተጎለትኩት ለምንድነው?»

«አይ፣ እንደው ልቤ ቢፈራ ነው።»

«እንግዲያ ልብሽን አስመርምሪያ።»

ሚስትየዋ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ደግማም አላነሳችው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችን ሴት ማን ይከራከራል?

ከዚያ ልጅቱ ታመመች። መጀመሪያ ትኩሳት ነበር፤ ቀጥሎ ራሴን ራሴን አለች፤ ቀጥሎ ማስመለስ። ጸጉሯ ላይ ፍቅፋቂ መሰካት ተወች። በሰባተኛው ቀን አንገቷን ማጠፍ አቃታት፤ በታክሲ ትልቁ ሆስፒታል አደረሷት። እዚያ ያለው ሐኪም ልጅቱን አየና ቀና ብሎ፣ «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» አለ። አባትየው ለመመለስ አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። በዚያው ቀን ደረቱን በራጅ አነሱት፤ ሁለቱም ሳንባዎቹ ተበልተዋል። አክታው ሲታይም ጀርሙ ሞልቷል። የልጅቱ ጀርም ወደ አንጎል ሽፋኗ ወጥቶ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ሣጥኗን አባቷ ሠራው፤ ሌላ ሰው ይሥራው ቢሉት እንቢ አለ።

ሚስቱ ከቀብር መልስ አንድ ነገር ብቻ ተናግራ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። «በየምሽቱ ደረትህ ላይ ታስተኛት ነበር» አለችው።

ከዚያ በኋላ አናጺው መድኃኒቱን በገዛ እጁ የሚውጥ አልሆነም። እህቱ በየጧቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ብላ አራቱን ክኒን በውሃ ታስውጠዋለች። እሱም አንዳንዴ ውሃውን ሳይጠጣ፣ አንዳንዴ ጠጥቶ፣ በየቀኑ ያችኑ ይላል። «እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እታለም።» እሷም «እንዲህ አይባልም» ትለዋለች።

መጀመሪያ ላይ፣ ጀርሙ እኔ ካየሁት በኋላ የመጣ ነው ብላ ነበር። ያን ያህል ዓመት ያልሳተ ዓይን ዛሬ አይስትም። ግን አላስቀምጥ አላት። ቀብሩ ካለፈ በሳምንቱ ከእንጨት ሳጥኑ የወንድሟን አራት መስታወቶች ፈልጋ አወጣች፣ ቀለማቸው ደብዝዞ ስለነበር እንደገና ቀባቻቸው፣ መሳቢያው ጥግ የዛገችውን መቁጠሪያ አውጥታ በዘይት አሸች። እስከ ሠላሳ ሰማያዊ ነው። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። በአርባ አንደኛው መስክ ላይ አንዲት ቀይ ጭረት ተጋድማለች። በሃምሳ ስምንተኛው ሌላ። በሰባ ሰባተኛው ሁለት ጎን ለጎን። የሁለተኛው መስታወት የመጀመሪያ ጭረት በሠላሳ አራተኛው ላይ ነበር። አራት ጊዜ ብቻ ገፋ ብታደርገው ኖሮ። ውጭ በሽተኞች በሩን ያንኳኳሉ፤ ልትከፍት አልቻለችም።

ያኔ ነው ደብተሩ የገባት። የሃያ ዓመት ደብተር፣ አራት ሺህ የሚሆን ሰው ተጽፎበት፣ ካላየቻቸው ሰዎች ግን አንድም የለበትም።

ከማግስቱ ጀምሮ ከሰው ሁሉ ሁለት ሰዓት ቀድማ እየገባች፣ ማታም እያመሸች የቀሩትን መስታወቶች ማየት ያዘች፤ መቶ መቶ መስክ። ባየች በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው አገኘች፤ ነጻ ተብሎ የተሸኘ። በስድስተኛው ቀን ሌላ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሳጥኑ ሲሶ ያህሉን አይታ ስድስት ሰው ደረሰች። ስማቸውንና አድራሻቸውን ከመዝገቡ ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ያዘች። ለማንም አልተናገረችም። ሁሉን ሳላይ ምን ብዬ እናገራለሁ? ትላለች። አንድ ጊዜ በጥቂቱ ፈርጄ ይኸው ሰው ጨረስኩ፤ አሁን አንድም መስታወት ሳይቀር አይቼ፣ ቁጥሩን አውቄ፣ ከዚያ። ሠላሳ ይበቃል ያለችው ሴት አሁን ደግሞ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካልሞላ ወይ ፍንክች አለች። ፍርሃት መሆኑንም ሳታውቀው አልቀረችም።

ወንድሟን ግን መሸከም አልቻለችም። አንድ ጧት ክኒኑን አስውጣው፣ እሱም ያችኑ ቃል ደግሞ፣ ልትወጣ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። እሱ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ አንድም ፍቅፋቂ የለም፤ መላጊያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አንተ አልገደልካትም» አለችው።

«ተይ እታለም።»

«የመጀመሪያ ጊዜ የመጣህ ዕለት ጀርሙ ነበረብህ። መስታወቱ ላይ አለ። መቶ ቦታ ማየት ነበረብኝ፤ ሠላሳ አይቼ ነጻ ነህ አልኩህ። ሁለተኛም እንዲሁ። ያኔ መድኃኒት ብትጀምር ልጅቱ አትታመምም ነበር።»

መላጊያው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ጫፍ አስተካከለ። ያልሰማ መሰላት።

«ሠላሳ ለምን?» አለ በመጨረሻ።

«ይበቃል ብዬ። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የማየው።»

«የቀረው ሰባ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሰባት።»

«ሰባት ደቂቃ።» ሁለት መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢመታትም ትወድ ነበር። አልጮኸም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሦስት ሳምንት በየጧቱ ስትሰሚኝ?»

ውሃ የጠጣበትን ብርጭቆ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ለሁሉም ሰው ነው ያልሽው» አለ። «እንደኔ የሆነ ሌላም አለ ማለት ነው?»

«እስካሁን ስድስት አግኝቻለሁ። ሳጥኑ ገና ሲሶው ነው የታየው። እየጨረስኩ ነው፤ ስጨርስ ሁሉንም በአንድ ላይ ለኃላፊው—»

«ለስድስቱ ሰዎች ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ አንተ ጋ ነው የመጣሁት።»

«ልጅ ያላቸው አሉ?»

እጇን ቦርሳዋ ላይ አደረገች። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸውን ታውቃለች፤ ሠላሳ ሦስት፣ ሃያ ስምንት፣ አርባ።

አናጺው ከጠረጴዛው ወረደ። ከተቀበረችበት ቀን ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም አላየችውም። ይቅር አላላትም፣ አልረገማትም። «ታዲያ እዚህ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ። «የእኔዋ እንደሆነ ሞታለች። ሂጂ።»

ሄደች። ወደ ጤና ጣቢያው ግን አልነበረም። ወረቀቱን አውጥታ የቅርቡን አድራሻ ያዘች፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ከተመረመረ ሁለት ወር ከአሥር ቀን። ስትሮጥ አይታ የማታውቅ ጎረቤት ስትሮጥ አይታት «ምን ሆነሽ?» ብላ ጠራቻት፤ አልሰማቻትም። በቤቱ በር ላይ ጎማ ተደርድሯል። ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ፤ ቱታው ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«ከጤና ጣቢያው ነው የመጣሁት» አለችው እያለከለከች። «ለሳል ተመርምረህ ነበር።»

«አዎ፣ ነጻ ነኝ እኮ» አለ ሰውየው ደስ ብሎት። «ቆይ፣ ወረቀቱ አለኝ።» ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ከመውጣቱ ግድግዳውን ተደግፎ አሳለ። «ሚስቴ ፈርታ አልጠጋኝ ብላ ነበር። ይህን ባሳየኋት ጊዜ ነው ልቧ ያረፈው። ይኸው፣ ፊርማውም አለ።»

«ፊርማው የእኔ ነው» አለችው። «ተሳስቻለሁ። ነጻ አይደለህም።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የሰማው ነገር እስኪገባው ድረስ ፊቱ ላይ ቆየ።

«ሁለት ወር ሙሉ?» አለ።

«ሁለት ወር ከአሥር ቀን። ዛሬውኑ መድኃኒት ትጀምራለህ። ቤት ውስጥ አብሮህ የሚተኛውን ሁሉ ማየት አለብኝ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ላስቲኩ መለሰው፤ ለምን እንደመለሰው እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

«እንግዲያ ልጆቹን ልጥራቸው» አለ።

አራት ነበሩ፤ ትንሿ ገና መራመድ አልጀመረችም።